ኮመንት ላይ «ኤፍ» ምንድነው? ስለ ጌም ሚሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጌም የማይጫወት ሰው የሚጫወተውን ሁሌ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ፤ አመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ሚም ምንድነው? የጌም ሚም ሲባልስ?

ሚም ማለት ሰው ከሰው እየተቀባበለ የራሱን ነገር እየጨመረበት የሚያዞረው ቀልድ ነው፤ ፎቶ ሊሆን ይችላል፣ አንዲት አረፍተ ነገር ልትሆን ትችላለች፣ ድምጽም ዳንስም ይሆናል። ቃሉን ያወጣው ሪቻርድ ዶኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ የባዮሎጂ ሰው ነው፣ በ1976፣ ማለትም ኢንተርኔት የሚባል ነገር ቤታችን ሳይገባ። የሱ ነገር ሀሳብም እንደ ጂን እየተገለበጠ ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው ይተላለፋል ነው እንጂ ድመት ፎቶ ላይ ጽሁፍ ስለመለጠፍ አልነበረም።

የጌም ሚም ደግሞ መነሻው ጌም የሆነ ነው በቃ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ጌሙ ውስጥ እያለ ቀልድ መሆን የለበትም። እንደውም ትልልቆቹን ብታዩ አብዛኞቹ ሰሪው ኮስተር ብሎ፣ ሰው እንዲያዝን ወይ እንዲፈራ ብሎ ያስገባቸው ናቸው፤ ቀልድ ያደረጋቸው ተጫዋቹ ነው።

ለምንድነው ጌም ይሄን ያህል ሚም የሚወልደው?

ምክንያቱም ጌም ይደጋግማል። ፊልም አንዴ አይተኸው ታልፋለህ፣ ጌም ላይ ግን እዛችው ቦታ ሀያ ጊዜ ትሞታለህ፣ ሀያ ጊዜ ያንኑ ድምጽ ትሰማለህ፣ ሀያ ጊዜ ያው ሰውዬ ያንኑ ነገር ይነግርሃል። ሌላ ቀልድ አፍ ላይ እንዲገባ ሰዎች ደጋግመው ማውራት አለባቸው፣ የጌም ግን ጌሙ ራሱ ስራውን ሰርቶ ነው የሚያስረክብህ፤ ኢንተርኔት ላይ ስትወጣ ሚሊዮን ሰው አስቀድሞ በቃሉ ይዞታል።

ስካይሪም የሚባለውን ጌም እንይ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2011 የወጣው። ጌሙ ውስጥ ከተማ የሚጠብቁ ዘቦች አሉ፣ አጠገባቸው ስታልፍ አንዳንዴ «እኔም ድሮ እንዳንተ ጀብደኛ ነበርኩ፣ ከዛ ጉልበቴ ላይ በቀስት ተመታሁ» ይሉሃል። አንዴ ስትሰማው እውነት ያሳዝናል፣ ምስኪን ትላለህ። ቀጥሎ ሌላ ከተማ ትሄዳለህ፣ ሌላ ዘብ፣ ያችው ቀስት፣ ያው ጉልበት። በሶስተኛው ከተማ ላይ «ቆይ እዚህ አገር ጉልበቱን ያልተመታ ሰው የለም እንዴ?» ማለት ትጀምራለህ፣ እና ይሄን ያለው አንድ ሰው ሳይሆን ጌሙን የገዛው ሁሉ ነው። ከዛ በኋላ አረፍተ ነገሯ ፎርም ሆነች፦ እኔም ድሮ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፣ ከዛ ጉልበቴ ላይ… እኔም ድሮ ስፖርት እሰራ ነበር፣ ከዛ ጉልበቴ ላይ… የፈለከውን መሙላት ነው።

(እኔ ራሴ ጌሙን ሳልነካው አንድ አመት ሙሉ በዚህ ቀልድ ስቀልድ ነበር። በኋላ ከፍቼው ዘቡ ሲናገራት ስሰማ ታዋቂ ሰው መንገድ ላይ ያየሁ ነው የመሰለኝ፣ ቆሜ ድጋሚ እስኪለው ጠበቅኩት።)

ሌላው ምክንያት እጅ ነው። ጌም ላይ የሆነውን ነገር ያየኸው ብቻ ሳይሆን ያደረግከው አንተ ነህ፣ በተኑን የተጫንከው፣ ገደሉ ውስጥ የገባኸው አንተ ነህ። ስለዚህ ሚሙን ስታይ «አየሁት» ሳይሆን «እኔንም እንደዚህ ሰርቶኛል» ነው የምትለው፣ የሚያስቀውም እሱ ነው።

የመጀመሪያው የጌም ሚም የቱ ነው?

ኢንተርኔትን ያጥለቀለቀው የመጀመሪያው ትልቅ የጌም ሚም ከዜሮ ዊንግ የመጣው ነው። ቶአፕላን የሚባል የጃፓን ካምፓኒ በ1989 የሰራው የመንኮራኩር ተኩስ ጌም ነው፤ ከዛ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ ለሚባለው የቤት ጌም ማጫወቻ ሲገለበጥ መግቢያው ላይ አጭር ታሪክ ጨመሩበት፣ ለአውሮፓ ገበያ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎሙት። ትርጉሙ ጉድ ነው። ክፉው ሰውዬ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ «ኦል ዩር ቤዝ አር ቢሎንግ ቱ አስ» ይላል፣ ወደኛ ብንመልሰው «ቤዞቻችሁ በሙሉ የኛ ንብረት ናችሁ» እንደማለት። ሰውዬው ለማስፈራራት ነበር እኮ የመጣው።

ጌሙ ተረስቶ ስንት አመት ከቆየ በኋላ ፎረሞች ላይ ሰዎች አገኙትና መንገድ ላይ ያለ ማስታወቂያ፣ ታፔላ፣ ጋዜጣ ላይ ሁሉ ያቺን አረፍተ ነገር በፎቶሾፕ እየለጠፉ መቀባበል ጀመሩ፣ 2001 መጀመሪያ ላይ እነዛን ፎቶዎች ከሙዚቃ ጋር ያቀናበረ የፍላሽ ቪዲዮ ሲወጣ በቃ አበደ። ዩቲዩብ ገና አልተፈጠረም፣ ሰው በኢሜል ነበር የሚላላከው።

ከዛ በፊት ሰው አፍ ላይ የገባ የጌም ንግግር አልነበረም ማለት አይደለም፣ የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ላይ ስንት ተሰቃይተህ ቤተመንግስቱን ጨርሰህ «ልዕልታችን ያለችው ሌላ ቤተመንግስት ነው» ስትባል የነበረው ንዴት እስካሁን ይቀለድበታል። ግን ያኔ ቀልዱን የሚያዞር ኢንተርኔት አልነበረም።

ኮመንት ላይ ሰው ሁሉ ለምንድነው «ኤፍ» የሚጽፈው?

«አዝናለሁ»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «አለቀልህ ወንድሜ» ለማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀልድ። ስልክህ ተሰበረ ብለህ ፖስት ካደረክ ኤፍ፣ ላፕቶፑ ሴቭ ሳታደርግ ከጠፋ ኤፍ።

የመጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ አድቫንስድ ዋርፌር ከሚባል የጦርነት ጌም ነው፣ 2014። ጌሙ መጀመሪያ አካባቢ ጓደኛህ ጦርነት ላይ ይሞትና የቀብር ስነ ስርአት አለ፣ ወታደሮች ተሰልፈዋል፣ ቤተሰብ ቆሟል፣ አንተ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ጠጋ ትላለህ፣ እና ስክሪኑ ላይ «ክብር ለመስጠት ኤፍን ይጫኑ» የሚል ጽሁፍ ብቅ ይላል። ትጫናለህ፣ ሰውዬህ እጁን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋል፣ አለቀ። በር ለመክፈትና መሳሪያ ለማንሳት የምትጫነውን በተን ለሀዘን ተጫን ስትባል ያለው ነገር ነው ሰውን ያሳቀው፤ ሰሪዎቹ እንባ ፈልገው ነበር ያገኙት ግን ሳቅ ነው። ኤፍ የሆነው ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ነው፣ ፕሌይስቴሽን ላይ ካሬዋ ናት፣ ኤክስቦክስ ላይ ኤክስ። ኮመንት ላይ ካሬ መጻፍ ስለማይመች ኮምፒውተሩ አሸነፈ።

አንድ ምክር፦ እውነተኛ ሀዘን ላይ እንዳትጽፏት። የማያውቅ ሰው ይቀየማል፣ የሚያውቅ ደግሞ የባሰ ይቀየማል።

የሊሮይ ጄንኪንስ ቪዲዮ እውነት ነው ወይስ የተቀነባበረ?

የተቀነባበረ ነው፣ ይቅርታ። በሜይ 2005 የወጣ፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባል ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው ጌም ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ ተጫዋቾቹ የዘንዶ እንቁላል የሞላበት ክፍል በር ላይ ቆመው በጣም ከባድ እቅድ ያወጣሉ፣ እንደውም አንዱ የመትረፍ እድላችን ሰላሳ ሁለት ነጥብ ሰላሳ ሶስት ፐርሰንት ነው ብሎ ያሰላላቸዋል። በዛ መሀል ከኮምፒውተሩ ተነስቶ የነበረው ሊሮይ ይመጣል፣ እቅዱን አልሰማም፣ የራሱን ስም እየጮኸ ዘሎ ይገባል፣ ሁሉም ተከትለውት ገብተው ሁሉም ይሞታሉ። ሲሰድቡት መልሱ «ቢያንስ እኔ ዶሮ አለኝ» ነው።

ሰዎች አመታት ሙሉ ተከራክረውበታል፣ በ2017 መጨረሻ ላይ ግን ራሳቸው ሰሪዎቹ መጀመሪያ ሲለማመዱ የቀረጹትን አወጡትና ነገሩ አበቃ። ለኔ ግን ያው ነው፣ በቡድን ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ሊሮይ ያውቃል፣ እቅድ ሲወጣ የሌለ ሲጀመር ግን የመጀመሪያው የሆነ። ያንን ሰው አይተነው ስለምናውቅ ነው ያመንነው።

አንዳንድ ሚም ጌሙ ከወጣ ከአመታት በኋላ ለምን ይፈነዳል?

የጌም እድሜና የሚም እድሜ አንድ ስላልሆነ። አሞንግ አስ የወጣው በ2018 ነው፣ ኢነርስሎዝ የሚባል የሶስት ሰው ቡድን ነው የሰራው፣ ሁለት አመት ያህል የሚያየው አልነበረም። በ2020 ኮሮና ሰውን ቤት ሲዘጋበት ትልልቅ ስትሪመሮች (ሲጫወቱ በቀጥታ የሚያሳዩ ሰዎች) ከጓደኛ ጋር የሚወራበት ጌም ሲፈልጉ አገኙትና በወራት ውስጥ አለም ሁሉ «ሰስ» ማለት ጀመረ፣ ማለትም አጠራጣሪ። ቃሉን ጌሙ አልፈጠረውም፣ ከዛ በፊትም ነበረ፣ ግን ጌሙ በየአምስት ደቂቃው «ገዳዩ ማነው» ብለህ እንድትወነጃጀል ስለሚያደርግ አጭር ቃል ያስፈልግ ነበር። ሰሪዎቹ ራሳቸው ደንግጠው በኦገስት 2020 ሁለተኛውን እንሰራለን ብለው በሴፕቴምበር ሰረዙት፣ የመጀመሪያውን እናሻሽል ብለው።

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ደግሞ የባሰ ነው። በ2004 ነው የወጣው፣ መጀመሪያው ላይ ዋናው ገጸ ባህሪ ሲጄ እናቱ ሞታበት ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ፖሊሶች ይዘውት ጠላቶቹ ሰፈር ይጥሉታል፣ እሱም «ኧረ በናታችሁ፣ ደግሞ ተጀመረ» የሚል አይነት ነገር ብሎ መሄድ ይጀምራል (ኦሪጅናሉ ስድብ አለበት)። ይሄ ክሊፕ ሚም ሆኖ የፈነዳው በ2019 ነው፣ አስራ አምስት አመት ቆይቶ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ልጅ ሆነው የተጫወቱት አድገው ሰኞ ጠዋት ስራ የሚገቡ ሰዎች ሆነዋል፣ ያቺ ንግግር ለሰኞ ጠዋት ደግሞ ተለክታ የተሰፋች ናት።

የጌም ብልሽት እንዴት ሚም ይሆናል?

ባግ፣ ማለትም የጌም ብልሽት፣ ያስቃል ምክንያቱም ጌሙ ራሱ እንደተበላሸ አያውቅም። በኖቬምበር 2014 የወጣው አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ ላይ አንዳንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ የገጸ ባህሪያቱ ቆዳ ሳይመጣ ይቀርና ሁለት የአይን ኳስ፣ ጥርስና ፀጉር ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፎ በፍቅር ሲያወራ ታያለህ። ያ ስክሪንሾት ጌሙን ከገዙት በላይ ብዙ ሰው ያየው ይመስለኛል። ስካይሪም ላይም ግዙፉ ሰውዬ በዱላ ሲመታህ መሞት ብቻ ሳይሆን ሰማይ ድረስ ነው የምትወነጨፈው።

ዱምን ለምንድነው በየእቃው ላይ የሚከፍቱት?

ዱም በዲሴምበር 1993 የወጣ ጌም ነው፣ ሰሪዎቹ ኢድ ሶፍትዌር በ1997 ኮዱን ለህዝብ ለቀቁት። ኮዱ ክፍት ነው፣ ጌሙ ቀላል ነው፣ ስለዚህ ስክሪን ያለው እቃ ሁሉ ላይ መሞከር የፕሮግራመሮች ቀልድ ሆነ፦ ካልኩሌተር፣ ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ በ2022 ደግሞ የትራክተር ስክሪን ላይ ተከፍቶ ታይቷል። እዚህ ጋር ሚሙ ፎቶ ሳይሆን ስራ ነው፣ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ኮድ ጽፎ ነው የሚቀልደው፣ እኔ በጣም የምወደው ለዛ ነው።

የእርግዝና መመርመሪያ ላይ ተከፈተ የተባለውን ግን ተዉት፣ ፕሮግራመሩ ራሱ ስክሪኑንም ቺፑንም እንደቀየረው ተናግሯል፣ ኦሪጅናሉ ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ከሁሉም ያሳቀኝ ባክቴሪያን እንደ ስክሪን ተጠቅሞ ዱምን ማሳየት ይቻላል ወይ ብሎ በኮምፒውተር የተሰራው ስሌት ነው፤ ይቻላል፣ ጌሙን ለመጨረስ ወደ 600 አመት ይፈጃል እንጂ።

«ኤንፒሲ» ሲሉኝ ሰድበውኝ ነው?

አዎ። ኤንፒሲ ማለት ጌም ውስጥ ሰው የማይጫወትበት፣ የተጻፈለትን ብቻ የሚደግም ገጸ ባህሪ ነው፣ የቀስቱ ዘብ ማለት ነው። በ2018 ከግራጫ ፊት ሰውዬ ስእል ጋር ሆኖ በፖለቲካ ክርክር ላይ «የራስህ ሀሳብ የለህም» ለማለት መዋል ጀመረ፣ አሁን ለማንኛውም ሰው ይባላል።

ጋንዲ ኒውክሌር የሚተኩሰው በባግ ምክንያት ነው የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም፣ ግን ውሸቱ በጣም ቆንጆ ስለሆነ ሰው ሊለቀው አልቻለም። ወሬው እንዲህ ነው፦ ሲቪላይዜሽን በሚባለው የ1991 አገር የመምራት ጌም ላይ ከመሪዎቹ አንዱ የሆነው የጋንዲ ጠበኝነት 1 ነበር፣ ዲሞክራሲን ሲቀበል 2 ይቀነስበታል፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ከ0 እስከ 255 ብቻ በሚችል አንድ ባይት ስለሚይዝ ከዜሮ በታች መውረድ አይችልም፣ ስለዚህ ዞሮ 255 ይሆናል፣ ሰላማዊው ሰውዬ በአንዴ ከሁሉም የባሰ ጨካኝ ይሆናል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሁሉ ሲሰማው «አዎ እንደዚህ ያደርጋል» ይላል፣ እንደዛ አይነት ባግ በእርግጥም ስላለ። አሳማኝነቱ እዛ ጋር ነው።

ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት ነው ነገሩ። ታሪኩ ኢንተርኔት ላይ መዞር የጀመረው በ2012 አካባቢ ነው፣ ጌሙ ከወጣ ከሀያ አመት በኋላ፣ በ2020 ደግሞ የጌሙ ፈጣሪ ሲድ ሜየር ራሱ እንደዛ አይነት ባግ አልነበረም ብሏል። እውነቱ ያን ያህል አያጓጓም፤ ጌሙ ላይ ማንኛውም መሪ ኒውክሌር ካገኘ በሱ ያስፈራራሃል፣ ከጋንዲ አፍ ሲወጣ ግን አይረሳም፣ ያለው ይሄ ብቻ ነው።

የሚገርመው ቀጣዩ ነው። በ2010 ሲቪላይዜሽን 5 ሲሰራ ዲዛይነሩ ሆን ብሎ ለቀልድ የጋንዲን ኒውክሌር የመጠቀም ፍላጎት 12 ላይ አደረገው፣ መለኪያው ግን እስከ 10 ነው። ስለዚህ አሁን «ጋንዲ ኒውክሌር ይወዳል» እውነት ነው፣ «በባግ ምክንያት» የሚለው ነው ውሸቱ።

ካምፓኒዎቹ ራሳቸው ሆን ብለው ሚም መስራት ይችላሉ?

መስራት ይችላሉ፣ እንዲዞር ማድረግ ነው ችግሩ። ሰው «ይሄን ሳቁበት ብለው ነው የሰጡን» ብሎ ከጠረጠረ አለቀ። የሚያምርባቸው ህዝቡ የሰራውን ተቀብለው ትንሽ ቦታ ሲሰጡት ነው፦ የጌሙ ሰሪ ብሊዛርድ በ2008 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ 50 የዘንዶ ጫጩት በ15 ሰከንድ ለገደለ ሰው «ጄንኪንስ» የሚል ማእረግ አስገባ፣ ያወቀ ይስቃል ያላወቀ ያልፋል።

ፖርታል የሚባለውን ጌም የሰሩት ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ነው የሆኑት። በ2007ቱ ጌም ላይ ማሽኗ ፈተናውን ከጨረስክ ኬክ ትበላለህ እያለች ታባብልሃለች፣ ከግድግዳ ጀርባ ስትገባ ግን ካንተ በፊት የነበረ ሰው በእጁ «ኬኩ ውሸት ነው» ብሎ ደጋግሞ ጽፎ ታገኛለህ፣ በጣም የሚያስፈራ ቦታ ነው እውነት ለመናገር። ያቺን አረፍተ ነገር ኢንተርኔት እስኪያቅለሸልሽ ድረስ አኘካት፣ ደራሲዎቹም ከሁላችሁም በፊት የሰለቸን እኛ ነን ብለው በ2011 ሁለተኛው ሲወጣ የኬክ ቀልዱን ተዉት። ጎበዞች።

ሚም የማን ንብረት ነው? ሊከሱኝ ይችላሉ?

ስክሪንሾት ላይ ጽሁፍ ለጥፈህ ስለሳቅክ የሚከስህ ካምፓኒ ማግኘት ከባድ ነው፣ ነጻ ማስታወቂያ ነህ። ገንዘብ ሲገባበት ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሮብሎክስ የሚባለው ጌም ላይ ስትሞት ይሰማ የነበረውን «ኡፍ» የሚል ድምጽ ታውቃላችሁ? ድምጹ የነሱ አልነበረም፣ በ2000 ከወጣ ሜሳያ ከሚባል ጌም ነው የመጣው፤ የድምጹ ባለቤት ነኝ ካለው ቶሚ ታላሪኮ ጋር በ2020 ተስማምተው ነበር፣ በጁላይ 2022 ግን በፈቃድ ጉዳይ አወጡት። ከመቶ ሚሊዮን ቀልድ በኋላ ማለት ነው።

ፎርትናይት የሚባለው ጌም ላይ ደግሞ ገጸ ባህሪያቱ የሚጨፍሯቸው ዳንሶች ናቸው ያጣሉት። እንደ ተዋናዩ አልፎንሶ ሪቤሮና ራፐሩ ቱ ሚሊ ያሉ ሰዎች በ2018 መጨረሻ «ዳንሳችንን ሸጣችሁት» ብለው የጌሙን ሰሪ ኤፒክ ጌምስን ከሰሱ። የአሜሪካ የኮፒራይት ቢሮ የሪቤሮን ዳንስ አጭርና ቀላል ነው ብሎ አልመዘገበም አለ፣ ከዛ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2019 ሳይመዘገብ ክስ የለም ብሎ ሲወስን ክሶቹን አነሱ። ግን ተዘጋ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ በ2023 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሌላ ኮሪዮግራፈር ክስ ይታይ ብሎ መልሶታል። በዛ መሀል ዳንሱ ስራውን ቀጥሏል፣ ግሪዝማን በ2018 የአለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ፍጹም ቅጣት ምቱን አግብቶ ጣቶቹን ግንባሩ ላይ አድርጎ የጨፈረው የፎርትናይት ነው፣ ቢሊዮን ሰው ፊት።

ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ስድብ የሚሆነው መቼ ነው?

የኡጋንዳን ነክልስ ታሪክ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። በ2017 አንድ ሰው ሶኒክ በሚባለው ጌም ላይ የሶኒክ ጓደኛ የሆነውን ነክልስን አጭርና ድቡልቡል አድርጎ ለቀልድ ሳለው፣ ሌላ ሰው ከዛ ላይ ቪአርቻት ለሚባለው የምናባዊ አለም ጌም አቫታር፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚለብሰው ገጸ ባህሪ፣ ሰራበት። ንግግሩ ደግሞ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው፣ ካምፓላ ዋካሊጋ የሚባል ሰፈር ውስጥ በጣም በትንሽ ብር ከሚሰሩ የአክሽን ፊልሞች፤ «መንገዱን ታውቃለህ?» የሚለው። በጃንዋሪ 2018 ቪአርቻት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ቀይ ነክልሶች ሰው እየከበቡ በምላሳቸው ድምጽ እያወጡ በተኮረጀ የአፍሪካ አነጋገር ይጮሁ ጀመር።

የዋካሊጋ ፊልሞች ራሳቸው በራሳቸው የሚስቁ፣ ሰዎቹ በፍቅር የሚሰሯቸው ናቸው፣ እነሱ ሲቀልዱ ሌላ ነው። ያንን ያላየ፣ ኡጋንዳ የት እንዳለች የማያውቅ ልጅ አነጋገሩን ብቻ ወስዶ የማያውቃትን ሴት ከቦ ሲጮህባት ግን ሙድ የተያዘው በአፍሪካዊ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አቫታሩን የሰራው ሰው ራሱ ሰው እንዳታስቸግሩበት ብሎ ለምኗል፣ የሰማው የለም። ሚም አንዴ ከወጣ የሰራው ሰው ከማንም የተለየ ስልጣን የለውም።

ጌሙን ሳላውቀው ሚሙን ብጠቀም ያስቅብኛል?

ማንም አይጠይቅህም፣ ኤፍ የሚጽፈው ሰው አብዛኛው ያንን ቀብር አይቶት አያውቅም። ስኪቢዲ ቶይሌትን የሚያዩ ህጻናትን ተመልከት፣ በፌብሩዋሪ 2023 የጀመረ የዩቲዩብ ተከታታይ ነው፣ ከሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ ብቅ የሚሉት ጭንቅላቶች ግን ሃፍ ላይፍ 2 ከሚባል የ2004 ጌም የተወሰዱ ናቸው። በዛ ጌም ገጸ ባህሪዎች የጅል ቪዲዮ መስራት ጋሪስ ሞድ (የጌም ገጸ ባህሪዎችን እንደፈለክ የምታንቀሳቅስበት ፕሮግራም) ከወጣ ጀምሮ የነበረ ነገር ነው።

አንድ የዘመድ ልጅ ሃፍ ላይፍ 2ን ስጫወት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ባቡር ጣቢያው ውስጥ በጭቆና የሚኖሩት ዜጎች ሻንጣቸውን ይዘው ተሰልፈው ቆመዋል፣ እኔ በዛ ሰአት በስሜት ነው የማየው፣ እሱ ጣቱን ቀስሮ «ሽንት ቤቱስ?» አለኝ።